ለባሽመሃንዲሱ ጠመንጃ የመረጥኩ ጊዜ

የልጄ የሰሚራ ባል ጀማል ዶሃ በሚገኝ አንድ የተኩስ ክበብ ሥራ ካገኘ ወዲህ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ሥራው ጠመንጃ መጠበቅና ማጽዳት ነው፤ እሱ ደግሞ በዕድሜው ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ባለፈው ሐሙስ ካርቱም፣ ዴም ሠፈር ወዳለችው የበርበሬና የሽሮ ሱቄ መጥቶ፣ የምስር ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ቪዲዮ መላልሶ አየና ተስፋ ቆርጦ ቀና አለ።

"እማማ፣ ይሄ ሰውዬ አልገባኝም። ሁለቱም ጠመንጃ ራሱን በራሱ ያጎርሳል ይላል። ግን አንዱ በጋዝ ነው የሚሠራው ይላል። ጋዝ ከየት መጣ? ሲሊንደር አለው እንዴ?"

እኔ ሽሮ እየመዘንኩ ነበር። "የባሩዱ ጋዝ ነው እንጂ" አልኩት ከሚዛኑ ሳልነሳ። "ጥይቱ ሲተኮስ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ሥር ባለች ቀዳዳ ይገባና ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ ባዶውን ቀለህ ያስተፋና አዲሱን ያጎርሳል። ሁለተኛው ግን በራሱ ርግጫ ነው የሚሠራው፤ ወደ ኋላ ሲረግጥ ውስጡ ያለው ሞላ ይታመቅና ያንን ሥራ ይሠራል። ይሄኛው ቀላልና ንጹሕ ነው፣ ትከሻ ላይ ግን ይጠነክራል። ባለጋዙ ይከብዳል፣ ቶሎ በጥላሸት ይሞላል፣ ርግጫው ግን ለስላሳ ነው።"

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቀሩ። ጀማል ስልኩን አጠፋው። አማቱ ከሽሮና ከበርበሬ ሌላ ነገር ታውቃለች ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። እኔም ሽሮውን አስሬ ሰጠሁና፣ አፌ ላይ የመጣውን ፈገግታ ለመደበቅ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

በዚህ ከተማ ጠመንጃ በኩራት የሚነሳ ነገር አይደለም። በጦርነቱ ያየነውን ካየን በኋላ፣ እኔም ገዳሪፍ ተሰድጄ ከተመለስኩ በኋላ፣ ቃሉን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ። ግን ጠመንጃ ሁሉ አንድ አይደለም። በዕድሜዬ አንድ ጠመንጃ መርጫለሁ፤ ወፍ የሚታደንበትና የሸክላ ሳህን የሚሰበርበት። በእሱ ዛሬም እኮራለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ተነስቼ፣ በመተማ አድርጌ ካርቱም ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ቡሪ በሚባል ሠፈር ውስጥ፣ ግቢው ትልቅ የኒም ዛፍ ባለው ቤት፣ ባሽመሃንዲስ ኡስማን የሚባሉ ሰውዬ ዘንድ እሠራለሁ። ሱዳኖች መሐንዲስን ባሽመሃንዲስ ነው የሚሉት፤ ሰውየው ጡረታ ቢወጣም ማዕረጉ ጡረታ አይወጣም። እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ የመስኖ ቦይ ሲያስቆፍሩ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚመርጡ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። በቤቱ ያለነው እሳቸው፣ ባለቤታቸው ሐጃ ሲትና እና እኔ ብቻ ነን።

አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ግራ እጄን በመቀነቷ ጫፍ እያሰረች በቀኜ እንድሠራ ታስገድደኝ ነበር። "በግራ የምትሰጥ ሴት በረካ የላትም" ትለኛለች። በቀኝ መብላቱን ለመድኩ፣ ሃይማኖትም ነው። ሌላው ግን እምቢ አለኝ። ቢላውም፣ መጥረጊያውም፣ መርፌውም በግራዬ ሆነ። ከሁሉ የሚያናድደኝ መቀስ ነበር። መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ጨርቁን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ስለቱ የተገጠመው ለቀኝ እጅ ነው። ዕቃ ከሰው ጋር ሊጣላ እንደሚችል ያወቅሁት በመቀስ ነው። ሐጃ ሲትና መጀመሪያ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ አይተው "ሾላ ነሽ እንዴ?" አሉኝ። እነሱ ግራኝ ሴትን ሾላ ነው የሚሏት። እኔ ዛፉን ያሉ መስሎኝ ግራ ገባኝ።

ባሽመሃንዲሱ ሁለት ነገር ይወዱ ነበር፤ የወፍ አደንና ማስረዳት። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተገጠመለት የድሮ ጠመንጃ ነበራቸው፣ ፈቃዱ በፍሬም ተደርጎ ሳሎን የተሰቀለ። ጽዳቱን ለእኔ አስተማሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው፣ እያንዳንዱን ብረት በስሙ እየጠሩ፣ ለምን እንደተሠራ፣ ምን እንደሚገፋው ይነግሩኛል። እቤት ሌላ የሚሰማቸው ሰው ስለሌለ ይሁን፣ ወይም ጥያቄ ስለማበዛ፣ ብቻ ሰዓቱ ሳይታወቀን ይሄዳል። ራሱን ስለሚያጎርሰው ጠመንጃም ያኔ ነው በእርሳስ ሥለው ያስረዱኝ፤ ባለጋዙንም ባለሞላውንም። ያ ሥዕል ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

የአደኑ ወቅት የብርዱ ወራት ነው። ሱዳኖች ያንን ወቅት "ሽታ" ይሉታል። በመጀመሪያው ዓመት ባሽመሃንዲሱ ከደጅ ገብተው እጃቸውን እያፋተጉ "ሽታ መጣ" ቢሉኝ፣ ደንግጬ ወጥ ቤት ገብቼ የውሃ መውረጃውን አሸተትኩ። በዚያ ወራት ሰማዩ ይጠራል፣ የሰሜኑ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ዳክዬዎች ከሩቅ አገር ወደ ነጭ አባይ ይወርዳሉ፤ "ገጣ" የሚሏቸው እርግብ የሚመስሉ የበረሃ ወፎችም ጠዋት ጠዋት ለውሃ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ግን እጅና ዓይን መፍታት ያስፈልጋል። ስለዚህ አርብ አርብ በማለዳ ሶባ፣ በጥቁር አባይ ዳር ባለ የዘመዳቸው እርሻ፣ ሸክላ ይተኮሳል።

ሸክላ የሚሏት መዳፍ የማትሞላ ትንሽ ሳህን ናት፤ ስሟ ነው እንጂ ከዝፍትና ከኖራ ድንጋይ የተሠራች ናት። መሬት ላይ የተተከለ ባለሞላ መወርወሪያ አለ። ሳህኗን ትጭኛለሽ፣ ተኳሹ "ያላ" ሲል ገመዱን ትስቢያለሽ፣ ሳህኗ እንደ ወፍ ትበራለች፣ ተኳሹ በአየር ላይ ይሰብራታል። ገመዱን የምስበው እኔ ነበርኩ። ቁርሱንም የማቀርበው እኔ ነኝ፤ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል፣ ነጭ አይብ፣ በወተት የፈላ ሻይ። ቤት ውስጥ ሳህን ስሰብር ሐጃ ይቆጡኛል። ሶባ ግን ሳህን ሲሰበር ሽማግሌዎች ያጨበጭባሉ። ይሄንን ለዴም ጓደኞቼ ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግን የባሽመሃንዲሱ ሳህኖች መሰበር አቆሙ። "ያላ" ይላሉ፣ እስባለሁ፣ ይተኩሳሉ፣ ሳህኗ ሙሉ እንደሆነች ሣሩ ላይ ትወድቃለች። እኔ ሄጄ አነሳታለሁ፤ ደግሜ እጭናታለሁ። የልጅነት ጓደኛቸው፣ በማዕረጋቸው ዓሚድ የሚሏቸው ጡረተኛ የጦር መኮንን፣ "ኡስማን፣ ለወፎቹ አዘንክላቸው" እያሉ ይስቃሉ። ባሽመሃንዲሱም አብረው ይስቃሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ታክሲው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ምክንያቱን እኔ አውቅ ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ሳይሻላቸው ቀርቷል። ለሐጃ "እየተሻለኝ ነው" ይላሉ፤ ለዓሚድ ደግሞ ጭራሽ አልነገሯቸውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐጃ ለቅሶ ሄደው፣ ሻይ ይዤ ሳሎን ልገባ ስል በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ባዶውን ጠመንጃ ይዘው መስታወት ፊት ቆመዋል። በደኅናው ዓይናቸው ለማነጣጠር በግራ ትከሻቸው ያነሱታል፣ ያወርዱታል፣ ያነሱታል። እጃቸው አይታዘዝም፣ እንደ ሕፃን ይወለጋገዳል። ሻዩን ይዤ በጣቴ ጫፍ ተመለስኩ። ያ ነገር ልቤን ነካው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው፣ እኔ በመቀነት ታስሬ የተማርኩትን በተቃራኒው ብቻቸውን ይማራሉ።

አንድ አርብ ዓሚድ ምክር አመጡ። "ችግርህ ይህ የድሮ ጠመንጃ ነው። ርግጫው አስፈራህ። አንድ አውቶማቲክ ግዛ፣ ትከሻህም ያርፋል" አሉ። ስለ ርግጫው እውነት ነበራቸው፤ ሐጃ ማታ ማታ ትከሻቸውን በሰሊጥ ዘይት ያሹላቸው ነበር። ባሽመሃንዲሱ እሺ አሉ። በነጋታው ቅዳሜ ልንሄድ ስንል እኔን ጠሩኝ። "ሐዋ፣ ልበሺ። የምታጸጂው አንቺ ነሽ፤ ፈትተሽ ገጥመሽ እዪው" አሉኝ። ሐጃ በር ላይ ያዙኝና ነጠላዬን እያስተካከሉልኝ፣ "ወንዶቹ መሐል አፍሽን አታስገቢ" አሉኝ። በክፋት አልነበረም። እንድዋረድ አልፈለጉም።

ሱቁ መሐል ከተማ ነበር፤ ዘይትና አዲስ ቆዳ ይሸታል። ነጋዴው ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሰ ጣፋጭ ሰው ነው። ለባሽመሃንዲሱ ወንበር፣ ለዓሚድ ወንበር፣ ለእኔ ደግሞ ግድግዳ። ወዲያው አንድ ጠመንጃ አወጣ። የጣሊያን ሥራ ነው፣ ጎኑ ላይ የሚበርሩ ዳክዬዎች ተቀርጸውበታል፣ ሰደፉ እንደ ማር ያበራል። ውበቱን መካድ አይቻልም።

"ባለሞላ ነው፤ ጋዝ የለውም" አለ። "እንደ ላባ ይቀላል። ወቅቱን ሙሉ ሳታጸዳው ትተኩስበታለህ።"

ዓሚድ ተቀብለው አነሱና ወደ ጣሪያው አነጣጠሩበት። "ወላሂ ለሱልጣን የሚገባ ነው" አሉ።

ባሽመሃንዲሱ ተቀበሉ። ጠመንጃ ሲለካ የሚደረገውን አስተምረውኛል፤ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ጠመንጃውን ትከሻህ ላይ ታነሳለህ፣ ከዚያ ዓይንህን ትገልጣለህ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ፍሬ ከዓይንህ ፊት ቀጥ ብላ ከተገኘች ጠመንጃው ልክህ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በቀኝ ትከሻቸው አነሱት፣ ገለጡ። ጠመንጃውን አወረዱና "ልክ ነው" አሉ።

እኔ ግን ያ ዓይን ምንም እንዳላየ አውቃለሁ። ሱቁ ውስጥ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ጓደኛቸው ፊት፣ ውዳሴ መሐል፣ ሰውየው የማያዩበትን ጠመንጃ ሊገዙ ነው። ያ ጠመንጃ ደግሞ በግራ ቢተኮስበት የባሰ ነው። ቀለሁ የሚወጣው በቀኝ ጎኑ ነው፤ በግራ ትከሻ ለያዘው ሰው የጋለ ቀለህ በፊቱ ላይ ያልፋል። በዚያ ላይ ቀላል ነው፣ ባለሞላ ነው፤ ያንን አጥንት ብቻ የቀረ ትከሻ ይነርተዋል። የሐጃ ምክር ጆሮዬ ላይ አለ። ብናገር ምሥጢራቸውን አወጣለሁ፤ ዝም ብል ሳህኖቹ ሙሉ እንደሆኑ መውደቃቸውን ይቀጥላሉ፣ እሳቸውም አንድ ቀን ሶባ መሄዱን ይተዉታል።

ዓይኔን ግድግዳው ላይ አንከራተትኩ። በስተኋላ፣ ከሁሉ በላይ፣ አቧራ የለበሰ አንድ ጥቁር ጠመንጃ ተሰቅሏል። ጌጥ የለውም። ግን አንድ ነገር አየሁበት፤ የቀለህ መውጫው በግራ ጎኑ ነው። መጀመሪያ የተገለበጠ መሰለኝ። ደግሜ አየሁት።

"ያቺስ?" አልኩ።

ነጋዴው ወዴት እንደማይ ተከተለና ሳቀ። "ያቺ በስህተት የመጣች ናት። ግራኝ ጠመንጃ ናት። ማን ይገዛታል? ዓመታት ተሰቅላ ቀርታለች።"

"ባለጋዝ ናት?"

ሳቁን አቆመ። "አዎ፣ ባለጋዝ ናት። ቆሻሻ ታበዛለች።"

ወደ ባሽመሃንዲሱ ዞርኩ። "ጌታዬ፣ እኔ ግራኝ ነኝ። የምፈታትና የምገጥማት እኔ ነኝ። ያቺ ጠመንጃ ለእጄ ትመቸኛለች። ቆሻሻው አያስቸግርም፣ ማጽዳቱን ለእኔ ይተዉት።"

ዓሚድ ከት ብለው ሳቁ። "ኡስማን፣ ጠመንጃ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ለሠራተኛህ መጥረጊያ?" ነጋዴውም ሳቀ። ባሽመሃንዲሱ ግን አልሳቁም። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለችውን ጠመንጃ አዩ፣ ከዚያ እኔን ትኩር ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል። ጽዳቱ ሰበብ እንደሆነ፣ ግራኝነቴን ፊት ለፊት አቁሜ እሳቸውን ከኋላው እንዳስጠለልኳቸው ገብቷቸዋል።

"አውርዳት" አሉት ነጋዴውን። በጃላቢያቸው እንዳሉ ሰደፏን ከክንዳቸው ጋር ለክተው ርዝመቷን አዩ፤ ልክ ነበረች። ትከሻቸው ላይ ግን አላነሷትም። "አርብ ሁለቱንም ሶባ ይዘህ ና። ተኩሰን እንመርጣለን" አሉ። ነጋዴው ገበያው እንዳያመልጠው ተስማማ።

ዓሚድ በመኪናቸው ሄዱ። እኛ ታክሲ ከመያዛችን በፊት ባሽመሃንዲሱ አንድ የዛፍ ጥላ ሥር አቁመውኝ ቀዝቃዛ ከርከዴ ገዙልኝ። ብርጭቆውን በእጃቸው ሲሰጡኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከረመዳን በፊት ጀምሮ።"

"በምን?"

"ሻይ በቀኝዎ ሳስቀምጥ እጅዎ ብርጭቆውን ይስታል፣ ሻዩ ይደፋል። በግራዎ ሳስቀምጥ አይደፋም። ከዚያ ወዲህ በግራዎ ነው የማስቀምጠው።"

"ቦታው መቀየሩን እንኳ ልብ አላልኩም" አሉ። ቆይተው፣ "ለሐጃ ነገርሽ?"

"ለማንም አልነገርኩም።"

ከርከዴያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። "በዚህ ዕድሜ በግራ መማር ያሳፍራል፣ ያ ቢቲ።" ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ እንደዚያ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

"እኔ በልጅነቴ ቀኜን ስማር ብዙ አልቅሻለሁ" አልኳቸው። "ግን እጅ ይለምዳል።"

አርብ ደረሰ፤ እንደወትሮው የባሽመሃንዲሱ ጓደኞች ሁሉ መጥተዋል። ያን ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ከወንዙ ላይ ጉም ይነሳል፣ ከሩቅ የሸንኮራ ማሳ ሲቃጠል ይሸታል። ባሽመሃንዲሱ በጃላቢያቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ኮት ደርበዋል። መጀመሪያ ዓሚድ ባለጌጡን ጠመንጃ ሞከሩ። አንድም ሳይስቱ ሰባበሩ፤ ነጋዴው በየሳህኑ "ማሻአላህ" ይላል።

ከዚያ ባሽመሃንዲሱ ጥቁሯን ጠመንጃ አንስተው ቦታቸውን ያዙ። በግራ ትከሻቸው አነሷት። 

"ኡስማን፣ በተቃራኒው ያዝካት" አሉ ዓሚድ።

"ያላ" አሉ ባሽመሃንዲሱ።

ሳብኩ። ተኮሱ። ሳቱ። ሁለተኛም ሳቱ። ሦስተኛም ሳቱ። ጠመንጃዋ አላጎደለችም፤ ቀለሁን ከፊታቸው አርቃ ወደ ግራ ትተፋለች፣ አዲሱን ትጎርሳለች። እሳቸው ናቸው የሚስቱት። ነጋዴው ጢሙን እያሻሸ ወደ ባለጌጡ ጠመንጃ ያያል። ጓደኞቻቸው ፊት፣ በእኔ ምክንያት፣ ሰውየውን አዋረድኳቸው ብዬ ምድር ብትውጠኝ ወደድኩ።

በአራተኛው ግን ሳህኗን ትቼ እሳቸውን አየሁ። ጠመንጃዋን ሲያነሱ የሰደፏ ጫፍ ብብታቸው ሥር ካለው የኮት ሱፍ ጋር ይያያዛል። ለማላቀቅ ወደ ፊት ይገፏታል፤ ጉንጫቸው ቦታውን አያገኝም። ሱቅ ውስጥ የተለካችው በስስ ጃላቢያ ነበር። ኮቱ ሁለት ጣት የሚሆን ውፍረት ጨምሮባታል። ገመዱን ለቅቄ ሮጥኩ።

"ኮትዎን ያውልቁ" አልኳቸው በቀስታ። "ጠመንጃዋን ያስረዘመብዎ እሱ ነው።"

"በዚህ ብርድ?" አሉ ዓሚድ፣ ሰምተው።

ባሽመሃንዲሱ ኮታቸውን አውልቀው ክንዴ ላይ ጣሉት። በነጭ ጃላቢያቸው ብቻ፣ ነፋሱ ከአካላቸው ጋር እያጣበቀባቸው፣ እንደ ሸንበቆ ቆሙ። ወደ መወርወሪያው ተመለስኩ።

"ያላ።"

ሳህኗ በረረች። ጥይቱ ጮኸ። ሰማይ ላይ ጥቁር አቧራ ሆነች። ምንም ቁራጭ አልወደቀም። ሌላ ጫንኩ። እሷም። ሌላ። እሷም። የሚያጨበጭብ አልነበረም፤ ሁሉም አፉን ይዟል። እኔ ብቻ ኮታቸውን በአንገቴ ላይ እንደጠመጠምኩ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ሳህኗን እያየሁ ሳይሆን በእጄ እየዳሰስኩ እጭን ነበር።

"ዕድል ነው" አሉ ዓሚድ በመጨረሻ። "በዚህኛውም ሞክር።" ባለጌጡን ሰጧቸው። ባሽመሃንዲሱ በግራ ትከሻቸው አንስተው ተኮሱ። የጋለው ቀለህ ባፍንጫቸው ፊት ተወርውሮ አለፈ፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ሰበቁ፣ ሳህኗም አመለጠች። ጠመንጃውን በክብር ለጓደኛቸው መለሱላቸው።

"ይሄ ቆንጆ ነው፣ ግን ለአንተ ነው የተሠራው" አሏቸው። ከዚያ ቀኝ ዓይናቸውን በጣታቸው እየነኩ፣ "ቀኝ ዓይኔ ሞቷል፣ ወንድሜ። ዓመት ሊሞላው ነው። አፍሬ ደበቅኩህ። ያወቀችው ይህች ልጅ ብቻ ናት፤ ይህቺን ጠመንጃ የመረጠችልኝም እሷ ናት" አሉ።

ዓሚድ ባለጌጡን ጠመንጃ ለነጋዴው ሰጥተው አቀፏቸው። ሲለቋቸው ወደ እኔ መጡ። "መጥረጊያ ያልኩትን እርሺልኝ" አሉኝ። ያን ያህል ማዕረግ የነበረው ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና "ፉሉ እየቀዘቀዘ ነው" አልኳቸው።

ከቁርስ በኋላ ባሽመሃንዲሱ ጠመንጃዋን ለእኔ ዘረጉልኝ። እምቢ አልኩ። "ለእጄ ትመቸኛለች ብለሽ ምስክር ፊት ተናግረሻል፤ ውሸታም እንዳትሆኚ" አሉኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። መወርወሪያውን ራሳቸው ያዙ። ጠመንጃዋን በግራ ትከሻዬ ሳነሳት ምንም አልተጣላችኝም። በሕይወቴ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለቱን ሳትኩ። "ከፊቷ ቅደሚያት፤ ሳህኗ ባለችበት ሳይሆን ወደምትደርስበት ተኩሺ" አሉኝ። በሦስተኛው ሰበርኳት። አንድ ብቻ ናት፣ ደግሜ አልሞከርኩም። አንዷ በቂዬ ነበረች።

ማታ ለሐጃ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፣ የዓይናቸውንም ጭምር። ሐጃ አለቀሱ፣ ተቆጡ፣ ከዚያ ወጥ ቤት መጥተው ትከሻዬን ራሳቸው በሰሊጥ ዘይት አሹልኝ። "አፍሽን አታስገቢ ብዬሽ አልነበረም?" አሉኝ እያሹ። እጃቸው ለስላሳ ነበር።

በዚያው ወራት ነጭ አባይ ዳር ወዳለችው ጀበል አውሊያ ወርደው ዳክዬ ይዘው መጡ፤ ከዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው። በቢስሚላህ የታረዱ ሁለት የሰቡ ዳክዬዎች። ሐጃ አንዱን በኦቾሎኒ ሠሩት፣ ኪስራ በሚሉት ስስ የማሽላ እንጀራ በላነው። ሁለተኛውን "ለወገኖችሽ ውሰጂ" ብለው ሰጡኝ። ዴም ወስጄ በበርበሬና በቀይ ሽንኩርት ቁሌት ሠራሁት፤ ስድስት ሆነን የወሎ ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረን ጣታችንን ላስን። ትንንሽ የጥይት እርሳስ ፍሬ ጥርሳቸው ላይ ሲያገኙ ይስቃሉ። "ጠመንጃውን ማን መረጠ?" እያሉ ደጋግመው ያስነግሩኛል፤ እኔም ደጋግሜ እነግራለሁ።

ባሽመሃንዲሱ በዚያች ጠመንጃ ብዙ ወቅት አደኑ። በየአደኑ ማግስት ጋዜጣ ዘርግቼ ፒስተኗን አወጣለሁ፣ ጥላሸቷን እፍቃለሁ፤ ቃሌ ነበር። እኔ አግብቼ ከቤቱ ስወጣ እንኳ ለማጽዳት እየተጠራሁ እሄድ ነበር። ሲሞቱ ልጃቸው መጥቶ በሕጉ አስፈቅዶ ወሰዳት። ሐጃም ብዙ አልቆዩም።

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ቡሪ ሄጄ ነበር። ሠፈሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ግማሹ በር ዝግ ነው፣ ግድግዳው ቆስሏል። ዳቦ ቤቱ ግን ተከፍቶ ነበር። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆሙ አንድ በጣም ያረጁ ሰውዬ ዘወር ብለው አዩኝ፣ ደግመው አዩኝ፤ ሶባ ይመጡ ከነበሩት አንዱ ይሁኑ እንጃ፣ እኔ አላወቅኳቸውም። በዚህች ከተማ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ። ሐበሺያ ተብያለሁ፣ ሠራተኛዋ ተብያለሁ፣ የእገሌ ሚስት፣ የሰሚራ እናት፣ ባለሽሮዋ ተብያለሁ። በአንዳቸውም አላፍርም። ግን ሁሉም ሰው የሰጠኝ ስም ነው፤ ያደረግሁት ነገር የሰጠኝ ስም እምብዛም የለኝም።

"አንቺ" አሉኝ ሽማግሌው በዱላቸው እየተመረኮዙ፣ "ለባሽመሃንዲሱ ጠመንጃ የመረጠችው አይደለሽም?"

"ነኝ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከሰልፉ ወጣ አሉና በዱላቸው ቦታቸውን አሳዩኝ። "ነይ፣ ከእኔ ቅደሚ" አሉኝ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አመስግኜ ቀደምኳቸው።